ማኅተም የተመታበት ዛፍ

የምሠራው አዳማ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ነው። ጋዋን ለብሼ ስለሚያዩኝ የሰፈሬ ባጃጅ ነጂዎች «ዶክተር» ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቃት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላ ታሳጥረዋለች። ለእውነቱ የምትቀርበው እናቴ ናት። ሥራዬ አትክልት የሚያሳምሙ ቫይረሶችን የዘር ጽሑፍ ማጥናት ነው። ጽሑፉ አራት ፊደል ብቻ እየተደጋገመ የሚሄድበት ረጅም መስመር ነው። መሣሪያው ያነበዋል፣ ሶፍትዌሩ ያነጻጽረዋል፣ እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ ሰንጠረዥ እሞላለሁ። አንድ ሽማግሌ የበደልኩትም በዚሁ ሰንጠረዥ ነው።

ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ ኩረጃን አነሳለሁ። ተማሪ ሳለን የቤት ሥራ ስንገለብጥ፣ የመጀመሪያዋ ልጅ የሳተችውን ፊደል ሁላችንም እንደሳትነው እናስረክብ ነበር። መምህሩ ያችን ስህተት ተከትሎ ማን ከማን እንደኮረጀ ይደርስበታል። ቫይረስም ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል። ሶፍትዌሩ ስህተቶቹን ይቆጥራል፤ ናሙናው የተለቀመበትን ቀን ከእኔ ይቀበላል፤ ከዚያ የትኛው ከየትኛው እንደወረደ የሚያሳይ የትውልድ ዛፍ ይሥላል። ፊደሉን ከመሣሪያው ያገኘዋል። በቀኑ ግን የሚያምነው እኔን ነው።

በ2016 መግቢያ ላይ ባቱ ዙሪያ ያለው ቲማቲም ቅጠሉ እየተጨማደደ፣ ቢጫ እየሆነ፣ ፍሬ መያዝ አቆመ። በሽታው በችግኝ እንደሚዞር ታውቋል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነበር፤ መጀመሪያ የታመመው የማን ችግኝ ነው? ሁለት ተጠርጣሪዎች ነበሩ። አንደኛው በረጅም አጥር የተከበበ፣ በሩ ላይ ዘበኛ የቆመበት ትልቅ ግሪን ሃውስ። ሁለተኛው ወሎ ተወልደው ባቱ ያረጁ አንድ ሐጂ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ችግኝ ጣቢያ የነበራቸው። ሩቅ ካለችው ደራ ከተማ ያሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ ሚኒባስ እየቀያየሩ መጥተው ከእሳቸው ይገዙ ነበር። «የሐጂ ችግኝ ነው» ከተባለ ገበያው ላይ የሚከራከር አልነበረም።

የቅጠል ናሙና ከሦስት ቦታ መጣልን። የግሪን ሃውሱና የደራው በታተመ ቅጽ ላይ ተሞልቶ ነው የመጣው፤ ቀኑም በፈረንጅ ነው። የሐጂን ቅጠል የለቀመው የልማት ሠራተኛ ግን ቅጹ አልቆበት ስለነበር ላስቲኩ ላይ በማርከር ጻፈው፦ 12/2/2016። ጥቅምት አሥራ ሁለት ማለቱ ነው። ሰውዬው ምን ያጥፋ? በአገሩ አቆጣጠር ጻፈ።

እኔ እንደ ፈረንጅ ቀን አድርጌ አስገባሁት። በኛ ቢመለስ የካቲት 2008 ማለት ነው። ባለፈው ወር የተቀነጠሰ ቅጠል ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ሄደ። የቤት ኪራይ ውሌን በአገሬ አቆጣጠር የፈረምኩ፣ ጳጉሜ ላይ የተወለድኩ ሰው፣ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የማን አገር ሰው እንደሆንኩ ረሳሁት። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ጳጉሜ የሚባል ወር መኖሩን አልሰሙም፤ አልወቅሳቸውም። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ማቀዝቀዣችን ውስጥ ከቀድሞ ሥራ የተረፉ አሮጌ ናሙናዎች ነበሩና፣ እነሱንም አብሬ አስገብቼ ስለነበር፣ አሮጌ ዓመት ማየቴ አላስደነገጠኝም። ይህን ሰበብ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አንድም ቀን አላጽናናኝም።

ሶፍትዌሩ ዝም አለ ብልም ውሸት ነው። አንድ ጊዜ አጉረምርሟል። ስህተቶቹና ዓመቶቹ አይመጣጠኑም የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ቫይረስ ከዘንድሮው ጋር እንዴት ይህን ያህል ይመሳሰላል ማለቱ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ገደቡን አላላሁለት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ዛፉ ተሣለ፣ ማማሩ ደግሞ! ከሥር፣ መነሻው ላይ፣ የሐጂ ቅጠል፤ ከላይ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ግሪን ሃውሱ።

አለቃችን አየውና «ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ። ኮራሁ። ያን ኩራቴን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ዛፉ ሪፖርት ውስጥ ገባ፣ ሪፖርቱ ላይ ማኅተም ተመታ፣ ወደ ባቱ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴ መጥቶ የሐጂን ችግኝ ነቅሎ አቃጠለው፤ የጥላ መረቡን እንኳ አላስተረፈላቸውም። የግሪን ሃውሱን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ። ለመናቂያው ወረቀት ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሐጂ ከሳምንታት በኋላ አዳማ ድረስ መጡ። በር ላይ ዘበኛው ሊመልሳቸው ሲከራከር ሰምቼ ወጣሁ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት።

«ዛፉን የሣለችው እሷ ናት አሉኝ። አንቺ ነሽ ልጄ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ስክሪኑ ላይ ከፈትኩላቸውና የእሳቸውን ቅጠል በጣቴ ነካሁላቸው። ከጎኑ ያለው ቁጥር ምንድን ነው አሉኝ።

«ዓመቱ ነው፤ 2016 ይላል። በፈረንጅ።»

«በኛስ ስንት ይሆናል?»

«2008።»

 ከዚያ ደብተራቸውን ከፌስታሉ አውጥተው ገለጡት። የዘሩበትን ቀን፣ የገዙበትን፣ የሸጡለትን ሰው ሁሉ የጻፉበት ነው። የመጀመሪያው ገጽ መስከረም 2009 ይላል።

«ወላሂ ልጄ፣ በ2008 እዚያ ቦታ ላይ ቲማቲም የሚባል ነገር አልነበረም። የጋሪ ፈረስ ነበር የሚታሰርበት። እኔም ለባለጋሪዎቹ ድርቆሽ ነበር የምሸጠው። ቅጠሉን ከፈረስ ጭራ ነው የለቀማችሁት?»

 ሄጄ ላስቲኩን ከማቀዝቀዣ አወጣሁት። ማርከሩን አየሁት፤ በዚያች ቅጽበት ገብቶኛል፣ ግን ሌላ ሰው እንዲነግረኝ ፈለግኩ መሰለኝ ለልማት ሠራተኛው ደወልኩ።

«አካም ጅርታ እህቴ!» አለ፣ ድምፁ ደስ ብሎታል።

የሐጂ ላስቲክ ላይ የጻፍከው ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው አልኩት።

«በኛ ነዋ! በማን ልጽፈው ኖሯል?»

ዓመቱን አስተካክዬ፣ ያላላሁትንም ገደብ ወደ ቦታው መልሼ፣ ሶፍትዌሩን እንደገና አስነሳሁት። ሐጂ አጠገቤ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጠበቁ። በዚህኛው ዙር ሶፍትዌሩ አላጉረመረመም። ዛፉ ተገለበጠ፦ ግሪን ሃውሱ ከሥር፣ የሐጂ ቅጠል ከጫፍ። ደብተራቸው ላይም ተጽፎ ኖሯል፤ ነሐሴ 2015 ላይ ከግሪን ሃውሱ የተረፈ ችግኝ ገዝተዋል። በሽታውን ገዝተው ወደ ቤታቸው አስገቡት እንጂ እሳቸው አላመጡትም።

«ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» አሉኝ።

«አርባ ደቂቃ።»

«ችግኝ ጣቢያው እኔን ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱንም ዛፍ አትሜ ወደ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየ። ወዲያው እንደገባው ከፊቱ ያስታውቃል።

«በሚቀጥለው ሪፖርት እናስተካክለዋለን» አለኝ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው ዶክተር?»

«በጀት ሲለቀቅ።»

«ለሰውዬው አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጻፍላቸውስ? ማኅተም ቢመታበት ይበቃል።»

«ማኅተም መታንበት ማለት ተሳስተናል አልን ማለት ነው።»

«ተሳስተናል እኮ!»

«የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። ቤተ ሙከራው አልተሳሳተም።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ግን የንግግሩ ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። ከዚያ ወጥቼ ጋዜጠኛ ልፈልግ፣ ለበላይ ልጻፍ፣ ሥራውን ጥዬ ልሂድ እችል ነበር። አንዱንም አላደረግኩም። ፈራሁ። የተስተካከለውን ዛፍ በቀለም አተምኩት፣ ከሥሩ «የመጀመሪያው ስህተት ነበር፣ ስህተቱም የእኔ ነው» ብዬ በእጄ ጻፍኩ፣ ፈርሜ ለሐጂ ሰጠኋቸው። አራት ቦታ አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ከተቱት። «አብሽሪ» አሉኝ። ተበዳዩ በዳይን አጽናንቶ ሄደ።

ከወራት በኋላ ለናሙና ባቱ ወረድኩና ጠየቅኳቸው። ቦታቸው ላይ ነው ያገኘኋቸው። ችግኝ ይፈላበት የነበረው መደብ የለም፤ የተቃጠለው መሬት ጠቁሯል፣ በላዩ ላይ ሦስት የጋሪ ፈረሶች ታስረው ጅራታቸውን ያወናጭፋሉ። ሐጂ ከድርቆሽ ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ያን ወረቀትሽን ደራ ወስጄው ነበር» አሉኝ ሰላምታችን ሲያበቃ። «በገበያ ቀን። ለድሮ ደንበኞቼ ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ አንቺ እንዳስረዳሽኝ አድርጌ አስረዳኋቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ ማኅተሙስ የታል አለኝ። ሌላው ስልኩን አወጣ፤ የመጀመሪያውን ዛፍ ፎቶ አንስቶ ይዞታል። ሐጂ፣ ያኛው እኮ ማኅተም አለው አለኝ።»

ደብተሩን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ። ማጠፊያው ላይ መቀደድ ጀምሯል።

«ውሰጂው ልጄ። እኔማ መቼ እንደተከልኩ አውቃለሁ።»

ተቀበልኳቸው። ዛሬ ላስቲክ በመጣልኝ ቁጥር ቀኑ በማን አቆጣጠር ነው ብዬ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ የልማት ሠራተኞቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። የሐጂን ዓመት ሰንጠረዡ ላይ አስተካክያለሁ። ባቱ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ግን፣ ፈረሶቹ እንደታሰሩ ናቸው፣ ሐጂም ድርቆሽ ይሸጣሉ፤ እዚያ አሁንም 2008 ነው።