ሊያ የታዘለችበት ገደል

ልጅ ሳለሁ የምቀናው በአሻንጉሊት ወይም በልብስ አልነበረም። የምቀናው የአጎቴ ልጅ ሊያ በአባቷ ጀርባ ታዝላ በወጣችው ገደል ነበር።

ያኔ የምንኖረው አትላንታ፣ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነበር፤ እኛ ከላይ፣ ጋሽ ዘውዴና ሊያ ከታች። ጋሽ ዘውዴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሸትል ይነዱ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ማሊ ውስጥ፣ ዶጎን የሚባሉት ሰዎች በሚኖሩበት ትልቅ ገደል ሥር፣ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሁለት ዓመት የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ቆይተዋል። የሊያ እናት የሞተችው እሷን እንደወለደች ነው። እስከዚህ ባለው ማንም አይከራከርም።

እሑድ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። ሲመሻሽ በራቸው ላይ ባለችው ትንሽ ግሪል ሥጋ ይጠብሱና ፍሙ ሳይከስም ጎንበስ ብለው ከደረጃው ሥር ይገባሉ። እኛም ተከትለን እንገባለን። ቦታውን የመረጡት በምክንያት ነው። ዶጎኖች ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ቶጉና የሚባል ዳስ አላቸው፤ ጣሪያው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፣ ተናዶ ብድግ የሚል ሰው ጭንቅላቱን እንዲመታ። «እዚህ የገባ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ መቆም ያማረው ውጭ ይቁም» ይሉን ነበር።

የኮሪደሩ አምፖል ብርሃን በደረጃው ክፍተት ሾልኮ ፊታቸው ላይ መስመር መስመር ይሠራል፤ የስቡ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ እሳቸው ደግሞ ከዶጎኖች በፊት በገደሉ ይኖሩ ስለነበሩ ሰዎች፣ እህላቸውንና ሙታናቸውን ወፍ ብቻ በሚደርስበት ዋሻ ስለማስቀመጣቸው፣ እንዴት እንደወጡም አንዱ በረው ነው፣ ሌላው ድሮ ገደሉን በሸፈነው ሐረግ ተንጠላጥለው ነው እያለ ዛሬም ድረስ ስለሚከራከርበት ነገር ይነግሩናል። ታሪኩ የትም ቢጀምር የሚያልቀው ግን አንድ መሰላል ጋ ነው። መሰላሉ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ እግር ማስቀመጫ ብቻ የተቆረጠለት ነው። ጋሽ ዘውዴ ሊያን በአንቀልባ አዝለው በእሱ ወጡ። «ሊያ አላለቀሰችም» ይሉና ያቆማሉ። «ጫፍ ላይ ደርሳ ያንን ሁሉ አሸዋ ስታይ ሳቀች።»

ሊያ ይህን በሰማች ቁጥር አገጯን ከፍ ታደርጋለች። እሷ አሥራ አንድ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። እኔ ደብተር ያዝኩ። የእርከኑን ቁጥር፣ የአንቀልባውን ቀለም፣ የወጡበትን ሰዓት ሁሉ መዘገብኩ።

አንድ እሑድ መሰላሉ ዘጠኝ እርከን ሆነ። ደብተሬ ላይ ሰባት ነበር።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሰባት ነው ያልከው!» እርስዎ ማለቱን እንኳ ረሳሁ።

«ዘጠኝ ነው፣ ዳኛዬ።»

«አንቀልባውም አንዴ ሰማያዊ ነው፣ አንዴ ቡኒ ነው። ሊያ እዛ ሄዳ አታውቅም!»

«ጄለስ ነሽ፣ ዛትስ ኦል» አለች ሊያ። «ሶሪ፣ አንቺን የትም ያዘለሽ የለም።»

ብድግ አልኩ። የደረጃው ኮንክሪት ግንባሬን ተቀበለው። ጋሽ ዘውዴ ከኩለሩ በረዶ አውጥተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ያዙልኝ። «ቶጉናው ሥራውን ሠራ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላውን ሁሉ ነገሩን፤ የሊያን መታዘል ግን ደግመው አላነሱም። ሊያ ለወራት አላናገረችኝም። እኔ ደግሞ ትክክል እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የሚጎድለኝ ማስረጃ ብቻ ነበር።

አድጌ ጋዜጠኛ ሆንኩ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ለሌላ ሥራ ወደ ማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ተልኬ ሳለ፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ አንድ መሪ ቀጥሬ ወደ ገደሉ ሄድኩ። በሽንኩርት መደቦች መሃል፣ ከዚያ እግር በሚውጥ አሸዋ፣ ከዚያ ሰው ጎኑን አዙሮ ብቻ በሚያልፍበት የዓለት ስንጥቅ ወጣን። መሰላሉ አለ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ እርከን ነው።

ከላይ ባለችው መንደር፣ በቶጉናው ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። እዚያ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ አባት፣ ስለ እናት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ በየተራ ይጠየቃል፣ ለእያንዳንዱም ደህና ነው ተብሎ ይመለሳል። የኢትዮጵያዊው ጉድጓድ ቆፋሪ ዘመድ መሆኔን መሪው ሲነግራቸው ሳቁና ሰላምታውን እንደገና ጀመሩት።

«ዘውዴስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ሊያስ?»

ደብተሬን አወጣሁ። «ሊያን ያውቋታል?»

«በምን አውቃታለሁ? ለአያቷ ትቷት ነው የመጣው። ግን በየምሽቱ እዚህ ቁጭ ብሎ ስለ እሷ ይነግረን ነበር። ጥርስ ስታወጣ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ሲወጡ ጀርባቸው ላይ ምን ይሸከሙ ነበር?»

«ገመድ።»

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ማስረጃው እጄ ገባ። ደስታ ጠበቅኩ፤ የመጣው ያው የድሮው ቅናት ነበር። በእግሬ የወጣሁት እኔ፣ የተጠየቀው ግን የሊያ ደህንነት። ያኔ ገና ስላልተወለድኩ ስለ እኔ ሊጠይቁ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ማወቄ አልጠቀመኝም።

ስመለስ ጋሽ ዘውዴና ሊያ ኤርፖርት ጠበቁኝ። ጋሽ ዘውዴ ጡረታ ወጥተዋል፤ የመኪና መሪ ግን ለማንም አይለቁም። ሊያ ከፊት ወንበር ዞረች።

«እና? መሰላሉን አየሽው? የወጣሁበትን?»

ጋሽ ዘውዴ በመስታወቱ አዩኝ። ሁለት ዓመት ትተዋት እንደሄዱ ማወቄን ያወቁ መሰለኝ።

«አየሁት» አልኩ። «ዘጠኝ እርከን ነው።»

«ብዬሽ ነበር፣ ዳኛዬ።»

«ሌላስ?» አለች ሊያ።

«አንድ ሽማግሌ ጠየቁኝ። ሊያስ? አሉኝ።»

ሊያ አገጯን ከፍ አድርጋ ወደ ፊት ዞረች። ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ካልኩት ውስጥ ውሸት የለም። ያስቀረሁት ገመዱን ነው።

ጋሽ ዘውዴ አሁን በሕይወት የሉም። ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ሊያ ሳታየው እንዳይታተም ብዬ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይዛው ዋለች።

«ገመዱን አውቃለሁ» አለችኝ። «ግንባርሽ የተመታ ቀን አባቴ ራሱ ነግሮኛል፤ እያለቀሰ።»

«ታዲያ መኪና ውስጥ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ያየሽው አንቺ ነሻ። እንድትነግሪኝ ፈልጌ ነው።» ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ በጣቷ ነካች። «ይሄን ግን አርሚው። አንቀልባው ሰማያዊ ነው፤ ቡኒ ሆኖ አያውቅም።»

የማጣራበት መንገድ የለኝም። ዛሬም እቀናለሁ።