ባሌን ከአልጋ ወደ ዊልቸር

ባሌ ከሞተ በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ዳግመኛ የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አለመቆም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚገኝ የሆም ኬር ድርጅት ብዙ ዓመት ቤት ለቤት እየዞርኩ የታመሙ ሰዎችን ተንከባክቤያለሁ። አሜሪካዊቷ ሱፐርቫይዘሬ አዳዲስ ሠራተኞችን የሚያሠለጥን ሰው እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። አንድ ቀን ሳስተምር ታየኛለች፤ ካልሆነልኝ ወደ ሕመምተኞቹ አልጋ እመለሳለሁ።

ሥልጠና እንዴት እንደሚታቀድ የሚያስረዳ ኦንላይን ኮርስ ሰጠችኝ፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ሠልጣኙ ሲወጣ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት አስቀድመህ ወስን፤ ከሚያውቀው ተነሣ፤ ትንሽ አውራ፣ ብዙ አሠራ ይላል። ባሌ ቢሰማ፣ «መኪና ሳስለምድሽ ይህን ባውቅ ኖሮ ባልተጣላን» ይለኝ ነበር።

ትምህርቱ ሕመምተኛን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ነው። ክፍሉ ዘና እንዲል ደግሞ በመክፈቻው እያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ ያስደሰተውን ነገር እንዲናገር አቀድኩ።

ሠልጣኞቹ ሁሉም የአገሬ ሴቶች ነበሩ። ሱፐርቫይዘሬ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ጥቁር ለብሼ ገባሁና ምን አስደሰታችሁ አልኩ። ሁሉም ልብሴን አዩ። በመጨረሻ ላንግሊ ፓርክ ሰፈር ስንኖር ጎረቤቴ የነበረች፣ እኩያዬ የሆነች ሴት ተነሣች።

«ለቅሶ እንኳ ሳልደርስሽ ስለ ደስታ ላወራ? እግዚአብሔር ያጽናሽ!» ብላ መጥታ አቀፈችኝ።

ሌሎቹም ተከትለው ተሰለፉ። አንዷ ወጣት፣ «አላውቃቸውም፤ ግን ሶሪ ማዘር» አለችኝ።

«ኧረ ነፍስ ይማር በይ!» አለቻት ከኋላዋ ያለችው።

«ታመው ነው?» አለችኝ ወጣቷ።

«ታሞ ነው።»

«ማን ያነሣቸው ነበር?»

«እኔ።»

«ያን የሚያህል ሰውዬ? ብቻሽን? እንዴት አድርገሽ?» አለች ጎረቤቴ።

ዊልቸሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። «መጀመሪያ ፍሬን። አንድ ቀን ረስቼው ወንበሩ ሸሸብን። ‹ወንበሩም ጠላኝ› አለኝ።» እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። የማንሻ ቀበቶውን የሕመምተኛው ወገብ ላይ እሰሩ፣ እግሩን መሬት አስረግጡ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ በወገባችሁ አታንሡ አልኩ።

ጎረቤቴ አልጋው ላይ ወጣች። «እኔ ባልሽን ልሁን፤ ክብደታችንም ይቀራረባል።» ሁሉም በየተራ አነሷት። አንዷ ስታንገላታት፣ «ቀስ በይ እንጂ፤ ሰውዬውን ሁለቴ ልትገድይው ነው?» ብላ ጮኸች።

ሱፐርቫይዘሬ አማርኛ አትሰማም፤ የምታየው ግን ሁሉም ሲሠሩ ነው። ሲያልቅ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይታ አታውቅም። በተለይ ያ እየተነሡ የተቃቀፍንበት መክፈቻ ግሩም ነው፤ አሌክሳንድሪያ ባለው ቅርንጫፋችንም በእሱ ጀምሪ አለችኝ። ለቅሶ መሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት የአሠልጣኝነቱ ቦታ የአንቺ ነው አለችኝ፤ ዘጋሁት።

አሁን በየማክሰኞው አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ። እዚያ ባሌን የሚያውቅ ስለሌለ መሞቱን ራሴ ተናግሬ እጀምራለሁ። እነሱም ተነሥተው ያጽናኑኛል። ከዚያ አንዷ ባሌን ሆና አልጋው ላይ ትወጣለች፤ ሌሎቹ ፍሬኑን ይይዛሉ፣ ቀበቶውን ያስራሉ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ከአልጋው ያነሡታል። እስካሁን የጣለው የለም።