ከስልክ የተገዙ ጎማዎች

በደብረ ብርሃን የሠርግ ቀን ሲቆረጥ፣ ከካህኑና ከድንኳኑ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስም የተክለጊዮርጊስ ነበር። በጎልማሳነቱ ተሳቢ መኪና እየነዳ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድና ሲወጣ የኖረ፣ ቁልቁለትን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ከሚወርዱት የድሮ ሹፌሮች ወገን የሚቆጠር ሰው ነው። ጉልበቱ ሲደክም ተሳቢውን ትቶ አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና ገዛ፤ ወንበሮቿን ነጭ ጨርቅ አልብሶ፣ ኮፈኗን ፊት እስኪያሳይ ወልውሎ፣ ከጫጫ እስከ ደነባ ስንቷን ሙሽራ ከእናቷ ደጅ አንሥቶ ከአማቷ ደጅ አደረሰ። ሚስቱ በሰለች፣ «እኔን በእግሬ አስኪደህ አግብተህ፣ ለሰው ልጅ ሐር ታነጥፋለህ» እያለች ትተርበው ነበር። እርሱም ሳቅ ይልና መወልወሉን ይቀጥላል።

ዘመኑ ግን ተለወጠ። ከአዲስ አበባ የሚከራዩ፣ ጎማቸው ሰፊ፣ ቸርኬያቸው ዓይን የሚወጋ መኪናዎች የሠርጉን ሥራ እየነጠቁት መጡ። ተክለጊዮርጊስ ይህን እንደ ምንም ችሎት ነበር፤ ሊችለው ያልቻለው የፀደንያን ነገር ነው። ፀደንያ የቄስ ገብረ ጻድቅ ልጅ፣ በሰለች ክርስትና ያነሣቻት፣ ልጅ ባልፈጠሩት በእነርሱ ቤት ወጥታ ገብታ ያደገች ናት። ከባሏ ቤት የሚያደርሳት እርሱ እንጂ ሌላ ሰው እንደማይሆን ገና በሕፃንነቷ ሲናገር የኖረ ነውና፣ የአንኮበሩ ፍሥሐ ሽማግሌ ልኮ ነገሩ ባለቀ ዕለት፣ ከሁሉ ቀድሞ «መኪናው የእኔ ነው!» አለ።

የፍሥሐ አክስት እትዬ ባፈና ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ።

«ልጃችንማ ከአዲስ አበባ መኪና ያመጣላታል። የእርስዎ መኪና፣ ይቅርታዎን አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ እግሯ የዶሮ እግር መስሏል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ እንኳ ሳይቀሩ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ተክለጊዮርጊስ ደሙ ፈላ።

«ለእሽቅድድም መኪና የተሠራ ጎማ አስመጥቼ፣ እንደ ንግሥት አንፈላስሼ ካልወሰድኋት፣ እኔ ተክለጊዮርጊስ አይደለሁም!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ በሽማግሌዎች ፊት ተነገረ፣ በከተማውም ተወራ።

በስልኩ ላይ የእሽቅድድም ጎማ ሻጭ ነኝ የሚል አንድ ገጽ አገኘ። በግ ሲገዛ ሽንጡን ሳይዳብስ፣ ጎማ ሲገዛ በጡጫ ሳይመታና በአፍንጫው ሳያሸት እጁን ወደ ኪሱ የማይሰድድ ያ ሰው፣ ጥቁር አብረቅራቂ ሥዕል ብቻ አይቶ ተማረከ። የጎማዎቹን ዕድሜ በጽሑፍ ጠየቀ። «አያስቡ ፋዘር፣ የፋብሪካ ሽታቸው ገና አልለቀቀም» የሚል መልስ መጣለት። ገንዘቡን ላከ። ጎማዎቹም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ በሠርጉ ዋዜማ ደረሱ።

ወደ ጎሚስታው ወደ ሠረቀብርሃን ወሰዳቸው። ላስቲኩ ሲገፈፍ ተክለጊዮርጊስ እንደ ልማዱ መዳፉን በጎማው ጎን ላይ አሸ፤ መዳፉ ጠቆረ። ደግሞ አሸ። ከቀለሙ ሥር፣ ውኃ የሸሸው የኩሬ ጭቃ የመሰለ ስንጥቅጥቅ ብቅ አለ።

«ወይ ጉድ!» አለ ሠረቀብርሃን፤ «ከሙሽራዋ በፊት ጎማው ተኳለ!» ግን የተክለጊዮርጊስን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ጋሼ ተክሌ፣ ይህ እኮ ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ የከረመ ነው። ተቀብቶ ነው። በእኔ እጅ አይታሠርም።»

«ሌላ የለኝም።»

«አሮጌዎቹስ?»

«ለባለ ጋሪዎቹ ሰጠኋቸው።»

«ታዲያ ከሰው ይዋሱ! ነውር ነው እንዴ?»

ለሌላ ሰው ነውር አይደለም፤ ለተክለጊዮርጊስ ግን በዚያች ዕለት ከነውር ሁሉ የከፋ ነበር። ወደ ሻጩ ደወለ፤ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያም ዝም አለ። የጠቆረ መዳፉን በሱሪው ጠረገና፣ «እሰረው» አለ። «የሙሽራው ወገን በመጣበት አይመለስምና፣ በአሮጌው ኮረኮንች መጥቶ በዋናው መንገድ እንዲመለስ ከፍሥሐ ጋር ተነጋግረናል። ዋናው መንገድ ለስላሳ ነው፤ በዝግታ እነዳለሁ። ያደርሰኛል።»

ሠረቀብርሃን አሠረለት፤ ሲጨርስ ግን እንደ ወትሮው «መልካም መንገድ» አላለውም።

በማግሥቱ የጥር ውርጭ ሜዳውን ጨው እንደ ነሰነሱበት አስመስሎት ነበር። መኪናዋ በአበባ ተሸልማ፣ በሰፋፊዎቹ ጎማዎች ላይ ከፍ ብላ ስትቆም፣ ሰፈሩ እልል አለ። ፀደንያ ከእናቷ ጉልበት ተነሥታ ስትገባ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ «አባባ፣ ያሉትን አደረጉት!» አለችው። እርሱ መስተዋቱን አስተካከለ። ፍሥሐ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ሚዜዎቹን፣ እትዬ ባፈናንና ሴቶቹን የያዘ ከፍ ያለ መኪና ከኋላ ተከተለ።

ከከተማው ወጥተው መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ፣ ተክለጊዮርጊስ መሪውን ወደ ዋናው መንገድ አዞረ። ወዲያው ከኋላ የጡሩምባ ውርጅብኝ ወረደበት። እትዬ ባፈና በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹ።

«ወዴት ነው ሰውዬ? በመጣንበት ልንመለስ? ሙሽራ ሊወስዷት በመጡበት መንገድ ስትሄድ የት አይተዋል!»

ተክለጊዮርጊስ ወደ ፍሥሐ ዞረ። «በአሮጌው መንገድ አልመጣችሁም?»

«ረፍዶብን በዋናው መጣን፣ አባባ። ምን ልዩነት አለው?»

«አሮጌው መንገድ በጎርፍ ተበልቷል» አለ ተክለጊዮርጊስ ወደ ኋላ፤ ድምፁ ግን ለራሱም ሳስቶ ተሰማው።

«የእሽቅድድም ጎማ አይደል ያደረጉት?» አሉ እትዬ ባፈና። «ወይስ ለፎቶ ነው?»

ሚዜዎቹ አውካኩ። ተክለጊዮርጊስ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃው ነበር። መሪውን ግን ወደ አሮጌው መንገድ መለሰ።

ኮረኮንቹ በጽድ ዛፎች መካከል ጥቂት ከሄደ በኋላ ከገደሉ አፋፍ ተጠግቶ ቁልቁል ይወርዳል። ጭላዳዎች በጠርዙ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጩ ነበር፤ መኪናዋ ስትቀርብ ግን አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ሰጠሙ። ከታች ጉም እየተጎተተ ይወጣል። ፍሥሐ ለሙሽራዪቱ የአባቱን ቤት በጣቱ ለማሳየት ይሞክራል፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከፊት፣ ከገደሉ በኩል፣ ሰው በዝግ በር ላይ በእርጋታ የሚያንኳኳ የሚመስል፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከዚያም መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ፤ ግራው ገደል ነው። ተክለጊዮርጊስ ማርሹን ቀነሰ፤ ማንኳኳቱም ቀነሰ፣ ግን አልተወም። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ።

«አባባ፣ የሚያንኳኳው ምንድን ነው?» አለች ፀደንያ።

በመስተዋቱ አያት። ነጭ ልብሷን እንዳይቆሽሽ በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛ፣ እርሱን አምና ተቀምጣለች። ፊት ለፊት መንገዱ በድንገት ታጥፎ በጉሙ ውስጥ ይጠፋል። ተክለጊዮርጊስ መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመ።

«ውረዱ» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ውረዱ ልጆቼ! አሁን ውረዱ!»

እትዬ ባፈና ደረሱ። «ሙሽራን መንገድ ላይ ማውረድ! እርስዎ ሟርተኛ ነዎት?»

«ጎማው የሞተ ነው» አለ ተክለጊዮርጊስ፣ ዓይኑን ከፀደንያ ሳያነሣ። «ቀለም የተቀባ ሬሳ ነው። ትናንት በእጄ ዳብሼ አውቄዋለሁ። አውቄ ነው የጫንኋችሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ሴቶቹ የሙሽራዪቱ እግር መሬት እንዳይረግጥ ነጠላቸውን ከመኪና እስከ መኪና አነጠፉ፤ በዚያ ላይ ተራምዳ፣ ወደ ኋላ ሳትመለከት፣ ከሚዜዎቹ መኪና ገባች፤ ፍሥሐም ተከተላት። እትዬ ባፈና ነጠላቸውን አንሥተው አቧራውን በተክለጊዮርጊስ ፊት ሁለት ጊዜ አራገፉ። «እግዜር ያያል» አሉና ሄዱ።

ብቻውን ቀረ። የሠርገኞቹ መኪና ከእጥፋቱ ጀርባ ተሰወረ፤ የሚዜዎቹ ዘፈን ግን ከታች፣ በጉሙ ውስጥ እየቀጠነ ይሰማው ነበር። ተክለጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። በጎኑ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ዕብጠት ወጥቶበታል፤ እርሱ እያየውም ቀስ እያለ ይነፋ ነበር። በኮፈኗ ፊት ዞሮ ወደ ተራራው አፈገፈገ፤ አሁንም አፈገፈገ፤ ጀርባው ከአለቱ ጋር ገጠመ።

ሲፈነዳ ተራራው መለሰለት። መኪናዋ ወደ ገደሉ በኩል ተንበረከከች። ድምፁ ከአፋፍ ወደ አፋፍ እየተላተመ ወደ ታች ወረደ፤ ከታችም ዘፈኑ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ።

ገደል የገባሁ መስሏቸዋል ብሎ፣ «ደህና ነኝ!» ሲል ጮኸ፤ ድምፁን ግን ገደሉ ዋጠው። ጉሙ መንገዱን ሞላው። ተክለጊዮርጊስ አለቱን ተደግፎ ዘፈኑ ዳግመኛ እስኪጀመር ጠበቀ፤ አልተጀመረም።