ባለ እጅ ፍሬኑ የሕፃን ጋሪ

ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያዋን በከተማዋ መሐል ይዛ በኖረችበት ዘመን፣ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ሜዳው የከብቶችና የኳስ ተጫዋቾች ነበር። ከዚያ ሜዳ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ዓባይነሽ ልብስ ትሰፋለች። አውሮፕላኑ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ሜዳው ብቻውን ከቀረ በኋላም እሷ ከዚያው አልተነሣችም። በአካባቢው እሷ ዩኒፎርም ያልሰፋችለት ተማሪ ቢፈለግ አይገኝም። የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በቀኝ እግሯ ብቻ ነው። ግራው በልጅነት ልምሻ ቀጥኖ የቀረ ስለሆነ ከመርገጫው አጠገብ ዘርጋ ብሎ ይቀመጣል። «እሱ ደንበኛ ነው፤ ሲሠራ አይታችሁት አታውቁም» እያለች ትቀልድበታለች።

የእግሯ ነገር የሚጀምረው መንግሥት ከተለወጠበት ከሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። እናቷ ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ ሴት፣ ዓባይነሽ ደግሞ የጥቂት ወራት ሕፃን ነበረች። እናቲቱ አዝላት፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ፣ ልታስከትባት ጂንካ መጣች። በዚያ ግርግር መድኃኒቱ አልደረሰም ነበርና «በሚመጣው ወር ተመለሺ» ተባለች። በሚመጣው ወር ዝናብ መንገዱን ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ባለው ወር እናት ራሷ በወባ ተኛች። ሕፃኗ ቆማ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት የግራ እግሯን ጉልበት ይዞ ሄደ። እናቷ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ይህን ስታነሣ ድምፅዋ ይሰበር ነበር። «አንድ ወር እኮ ነው! አንዲት ወር!» ትላለች።

እዩኤልን ያገኘችው በስፌት ነው። እዩኤል ከጂንካ ኦሞራቴ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ። በሳምንቱ ሌላ ይዞ መጣ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። በአራተኛው ሳምንት ዓባይነሽ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና፣ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ በምላጭ ነው የተቀደደው» አለችው። እዩኤል ላብ በላብ ሆነ። በዓመቱ ተጋቡ።

ልጅ ቶሎ አልመጣላቸውም። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ኖረው፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟንም ጸሎት አሏት። ዓባይነሽ ገና እርጉዝ ሳለች ለራሷ የገባችው ቃል ነበር። ስትወለድ ከሚሰጠው ቀጥሎ የሚመጣውን የአርባ አምስት ቀኑን ክትባት፣ ቀኑን ሳታሳልፍ፣ ልጇን ራሷ ወስዳ ታስከትባለች። ጎረቤቶቿ ይህን ሲሰሙ ተንጫጩ።

«ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ ነው የተጎለትነው?» አለች ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ቲቲ። «አዝዬ እብስ እላለሁ፤ ሳትነቃ እመልስልሻለሁ።»

«ለሌላው ቀን ሁሉ እዘሉልኝ። ያንን ቀን ግን ተዉልኝ» አለች ዓባይነሽ። «እናቴ አዝላኝ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ ልጄን ወስጄ፣ ጠብታው አፏ ውስጥ ሲገባ ቆሜ ማየት አለብኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከራትም።

ግን እንዴት ትውሰዳት? እንደ እሷ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሲራመድ ሰውነቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በሠላሳ አምስተኛው ቀን ጸሎትን በአንቀልባ አዝላ በግቢዋ ውስጥ ሞከረች። ሦስት እርምጃ ሄደች። በአራተኛው ሕፃኗ ወደ ግራ ተንሸራተተች፤ ከኋላ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይከተል የነበረው እዩኤል ቀልቦ ያዛት። ዓባይነሽ አንቀልባውን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። አንቀልባው የእናቷ ነበር።

«ጋሪ እንገዛለን» አለ እዩኤል።

«የምን ጋሪ? የአህያ?»

«የሕፃን ጋሪ እንጂ! አዲስ አበባ ሰው ልጁን በምን የሚያንሸራሽር ይመስልሻል?»

ገበያው አጠገብ የሱዓድ ሱቅ አለ። ሱዓድ ባልዲ ትሸጣለች፣ ፍራሽ ትሸጣለች፣ የልጆች ልብስ ትሸጣለች፤ አምስት ልጆች ያሳደገች ስለሆነች ምክሩን ደግሞ በምርቃት ትሰጣለች። ሁለት ጋሪዎች አውጥታ ደጃፉ ላይ አቆመችላቸው። አንዱ ሮዝ ነው፤ ደወልና ቢራቢሮ ተንጠልጥሎበታል፤ ጎማዎቹ ከሎሚ አይበልጡም።

«ይኼ ያምራል» አለች ዓባይነሽ።

«ማማሩንማ ያምራል፤ ግን ለአንቺ አልሸጠውም» አለች ሱዓድ። «ይኼ የሚያስቀምጥ ነው። የወር ልጅ አንገት አላት እንዴ? ራሷ ደረቷ ላይ ይወድቅና ትንፋሽ ያጥራታል። ጀርባዋ ተዘርግቶ፣ ተጋድማ የምትሄድበት ነው የሚያስፈልጋት። ደግሞ እነዚህ ጎማዎች ኮብልስቶኑ መሐል ገብተው ሲቀሩ አውጪልን ብላችሁ ልትመጡ ነው።»

ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ያስተኛል፤ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማዎቹ ትልልቅ ናቸው። እዩኤል ሲያየው ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ፤ ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ፤ ጫን ለቀቅ አድርጎ አወዛወዘው።

«ባሌስትራው አንደኛ ነው! ከፍታውን አየሽልኝ? ይኼ እኮ ወይጦ ድረስ ይነዳል።»

«ልጅቷን ወይጦ ልትልካት ነው?» አለች ሱዓድ። «በል መለዋወጫ ጎማም ጠይቀኝ።»

«ሾፌር ሆኜ ጎማ ልሳት?»

ዓባይነሽ ፍሬኑ የት እንዳለ ጠየቀች። እዩኤል ከኋላ ጎማዎቹ መሐል ያለችውን ብረት በእግሩ ጫን ሲላት ቀጭ አለችና ጋሪው ቆመ። «ይኸውልሽ፤ በእግር ነው። አለቀ» አለ። ሱዓድም «ካልተመቻችሁ መልሱልኝ» ብላ ሰጠቻቸው። ሦስቱም የእግሩን ነገር ልብ አላሉትም። ዓባይነሽ ራሷ እንኳ ከደስታዋ የተነሣ ረስታው ነበር።

ቤታቸው ወደ ነሪ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ነው። እዩኤል ልጁን ከማስተኛቱ በፊት ጋሪውን መሞከር ፈለገና ከጓሮ አንድ ዱባ ቆርጦ በእጁ መዘነው። «ይኼው፣ ጸሎትን ነው የሚመዝነው» አለ። ዱባውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስተኛው። ጎረቤት ሁሉ ለማየት ወጣ።

«አባቷን ቁርጥ!» አለች ቲቲ።

ዓባይነሽ ምርኩዟን አጥሩ ላይ አስደግፋ መያዣውን በሁለት እጇ ጨበጠች። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ጋሪው ደግፏት ደልዳላውን ያለ ምርኩዝ ሄደችው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ጋሪው ይስባት ጀመር። ፍሬኑን ልትረግጥ አሰበች። በየትኛው እግር? ቀኙን ብታነሣ የምትቆምበት የላትም፤ ግራው ያችን ብረት የሚጫን ጉልበት የለውም። ጨነቃትና በሙሉ ክብደቷ መያዣው ላይ ተደገፈች። ያ ከፍ ያለ ጋሪ ፊቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ቀበቶ ያላሰሩለት ዱባ ዘሎ ወጣ፤ ቁልቁለቱን ተንከባሎ ወርዶ ከቦዩ ድንጋይ ጋር ሲላተም ለሁለት ተከፈለ።

ልጆች ሳቁ። ዓባይነሽ ከወደቀችበት ሳትነሣ ቢጫውን የዱባ ሆድ ታያለች። እዩኤል ሮጦ መጥቶ ሊያነሣት ሲል እጁን ያዘችና፣ «ፍሬዎቹን ልቀምልኝ፤ እተክላቸዋለሁ» አለችው። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን እንደ እናቷ ተሰበረ። ቀኑ አርባ አንደኛው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጋሽ ዶላሞ ሄደች። ዶላሞ የአሪ ሰው ነው፤ ብስክሌት ይጠግናል። ዓባይነሽ ተማሪ ሳለች የምርኩዟን ጫፍ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ የሚያለብስላት እሱ ነበር፤ ዛሬም እሱ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ሂጂ እስቲ» አላት። ሄደች።

«ተመለሺ።» ተመለሰች።

አገጩን እያሸ እግሯን አየ። «እናንተ ለልጅ ብቻ መረጣችሁ» አለ። «ልጅ ይተኛል። የሚሄድ አንቺ ነሽ። ለአንቺም ይመረጣል።»

«ቲቲ ደግሞ አትደገፊበት አለችኝ።»

«ውሸት ለምን ያስፈልጋል? ትደገፊያለሽ! ስትደገፊ የማይወድቅ እንፈልጋለን።»

እዩኤልን ጨምረው፣ ጥቁሩን ጋሪ እየገፉ ሦስቱም ወደ ሱዓድ ሱቅ ተመለሱ። ሱዓድ የዱባውን ነገር ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጓዳ ውስጥ አንድ አለኝ» አለች ትንሽ አቅማምታ። «ለሥራ መጥተው የነበሩ ባልና ሚስት ሲሄዱ የሸጡልኝ ነው። አሮጌ ስለሆነ አፍሬ ነው ያላወጣሁት።»

አቧራውን አራግፋ አወጣችው። ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ግን ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ የኋላ ጎማዎቹ ተራርቀው የተተከሉ ነበር። ዶላሞ መያዣውን ተጫነው፤ ጋሪው ፊቱን ለማንሣት ለገመ። አጠፈው፤ ዘረጋው፤ መቆለፊያው በራሱ ይለቅ እንደሆነ ነቀነቀው። ቀበቶውን ቆልፎ በኃይል ሳበ። የሕፃን ጣት የሚቆነጥጥ ነገር እንዳለ ለማወቅ ማጠፊያውን ሁሉ በጣቱ ዳሰሰ። እዩኤል ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያይ ቆይቶ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን አላስቻለውም።

«ዝቅ አላለም ጋሽ ዶላሞ? ድንጋይ እንዳይነካው።»

«የአንተ ልጅ የበቆሎ ጭነት ነው?» አለው ዶላሞ ቀና ሳይል።

ዶላሞ ሁለት ቀን ሠራበት። ከብስክሌት የፈታውን የእጅ ፍሬን መያዣው ላይ ገጠመ፤ ሽቦውን ወደ ኋላ ጎማዎቹ አወረደው። ጨበጥ ስታደርገው ጋሪው ይቆማል። ቆሞ እንዲቆይ ደግሞ በጨበጠችው ፍሬን ላይ የምታጠልቀው ቀለበት አበጀላት። ዓባይነሽም በስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ከወፍራም ሸራ ከረጢት ሰፋች፤ የነሪን አሸዋ ሞልተው፣ ስትደገፍ ፊቱ እንዳይነሣ፣ ከፊት በኩል ከታች አሰሩት። ለእጅ አንጓዋም ማሰሪያ ሰፋች፤ እጇ ቢያመልጣት ጋሪው እንዳያመልጣት ነው። ቲቲ የሕፃኗን ጨርቅ የያዘ ቦርሳ መያዣው ላይ ልታንጠለጥል ስትል ዶላሞ «ወደ ኋላ ይጥላል! ከታች! ከታች!» ብሎ ጮኸባት። ሱዓድም ሱቋን ዘግታ መጥታ፣ «ፀሐይ ነው፣ ዐይነ ጥላ ነው ብላችሁ በነጠላ ጥፍንግ አድርጋችሁ እንዳትሸፍኗት፤ ታፍኗታላችሁ» ብላ አስጠነቀቀች።

በአርባ አራተኛው ቀን መሸት ሲል ሁለተኛ ዱባ ተቆረጠ። ዓባይነሽ ራሷ ቀበቶውን አሰረችለት። ቁልቁለቱን ወረደች፤ መሐል ላይ ጨበጠች። ቆመ። በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችበት። አሁንም ቆሟል። ዱባው ቀበቶውን እንደ ታጠቀ፣ በሰላም ተጋድሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«ይኼኛው እንኳ ለወጥ ተረፈ» አለች ቲቲ።

በአርባ አምስተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነጋ። ዓባይነሽ ጸሎትን አስተኝታ፣ አስራ፣ ማሰሪያውን በእጇ አንጓ ላይ አጠለቀች።

«ከኋላዬ እንዳትመጣ» አለችው ባሏን።

«እኔ? እኔ ዳቦ ልገዛ ነው የምወጣው።»

«ምርኩዜን በብብትህ ይዘህ?»

እዩኤል ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የየሱቁን ደጃፍ የሚያይ እየመሰለ ተከተላት።

ቁልቁለቱን በዝግታ ወረደች፤ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ፣ ለቀቅ። ኮብልስቶኑ ላይ ስትደርስ ጋሪው ተንገጫገጨ፤ ግን ሄደ። ያወቃት ሁሉ ሰላም ሊላት አፉን ከፍቶ ሳለ ፊቷን እያየ ይተወው ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ሳያሰማ ብቅ አለ። ዓባይነሽ ባለ በሌለ ኃይሏ ጨበጠች። ጋሪው ባለበት ተተከለ፤ ባጃጁ ጭቃ እየረጨ ከፊቷ አለፈ። ቀሚሷ በጭቃ ተዥጎረጎረ። ጸሎት እንቅልፏን አላቋረጠችም። ከኋላ እዩኤል ምርኩዙን በሁለት እጁ አንቆ ይዞ ቆሟል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሮዳስ የምትባል ነርስ ካርዱን ተቀበለች። የዓባይነሽን እግር አየች፤ ከዚያ ወደ በሩ አየች። «ማን ይዟት መጣ?»

«እኔ» አለች ዓባይነሽ። ቀለበቱን አጠለቀችና ጋሪውን አቆመች፤ ልጇን አንሥታ ለነርሷ ሰጠች፤ መያዣውን ተደግፋ ቆመች። አንድ ጠብታ። ሁለት። ጸሎት ፊቷን አጨማደደች፣ ምላሷን አወጣች፣ ዋጠች። መርፌው ሲከተል ጮኸች። እናቲቱም አብራ አለቀሰች።

«ኧረ እናትየዋን ገና አልወጋንም!» አለች ሮዳስ።

ዓባይነሽ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ልጇን መልሳ ጋሪው ውስጥ አስተኝታ ወጣች፤ ደጃፉ ላይ የፍሬኑን ቀለበት መልሳ ስታጠልቅ እዩኤል ቆሞ ይጠብቃታል።

«ቀኑ ሳያልፍ» አለችው።

«ቀኑ ሳያልፍ» አለ እሱም።

«ዳቦውስ?»

«አልቋል አሉኝ።»

እጇን ዘርግታ ምርኩዟን ተቀበለችው። ማሰሪያውን ከእጇ አንጓ አውልቃ በእሱ ላይ አጠለቀች። «በል፣ መመለሻውን አንተ ግፋ» አለች። እዩኤል ደረቱን ነፍቶ ገፋ፤ ጋሪው ንቅንቅ አላለም። ደገመ። ወደ ጎማው ጎንበስ ሊል ሲል ዓባይነሽ በምርኩዟ ጫፍ ቀለበቱን እያሳየችው በሳቅ ፍርስ አለች።

«ሾፌር ሆነህ ፍሬን ሳትለቅ ነው የምትነዳው?»