የማያመው ጥርስ

መጀመሪያ የነገረኝ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። መርሳ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ሙቀት ነው፣ ውሃ ከእጃችን አይጠፋም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስጎነጭ በቀኝ በኩል ታችኛው መንጋጋ ጥርሴ እስከ ጆሮዬ ነዘረኝ። ቅርንፉድ ይዤበት ሰነበትኩ። ከዚያ ጉንጬ አበጠ።

ወልድያ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ቁጥብ። በዚያ ወገን ከታመመው ጥርሴ ጎን የነበሩት ሁለቱ ቀድመው ተነቅለዋል፤ ይህም ከሄደ በቀኝ ማኘክ አበቃ። ራጅ አንስቶ መመርቀዙን አሳየኝና ሩት ካናል ሠራልኝ፤ የሞተውን ነርቭ አውጥቶ፣ ሥሩን ሞልቶ፣ ላዩን በጊዜያዊ ሙሌት ደፈነው።

"ሕመሙ ይጠፋል" አለኝ። "ጥርሱ ግን ከአሁን በኋላ በቀላሉ ይሰበራል። ክራውን የሚባለውን ጠንካራ ሽፋን እስክናለብሰው በዚህ በኩል አያኝኩ። አይዘግዩ።"

ሕመሙ ጠፋ። እኔም ዘገየሁ። ሥራ በዝቶ ነበር፤ ደግሞ የማያም ነገር ማን ይከታተላል? በግራ እያኘክሁ፣ ተመስገን እያልኩ ከረምኩ።

ችግሩ፣ በእኛ አገር አፍ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ውርጌሳ፣ እማማ በምላቸው አማቴ ቤት፣ የማርያም ማኅበር ነበር። እማማ ሰው ካላጎረሱ የበላ አይመስላቸውም። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ ምንም ወደ ግራ አሻገርኩት። ሁለተኛውን ጠቅልለው ሲመጡ፣ "እማማ፣ ጥርሴን ሐኪም..." ብዬ ጀመርኩ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልጄ!" አሉ። ቃላቸውና እጃቸው አብረው ደረሱ።

አጥንት ነበረበት። በቀኝ በኩል። ቀጭ አለ።

አላመመኝም። ያስፈራኝ እሱ ነው። በምላሴ ዳሰስኩት። አንድ ጎኑ የለም። እማማ ፊቴን አይተው "ምን ሆንሽብኝ?" አሉ። ነገርኳቸው። ዳግመኛ እህል አልቀመሱም፤ በነጋታው ወልድያ አብረውኝ መጡ።

ሐኪሙ መረመረ። እንደገና ራጅ አነሳ።

"ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ እነቅለዋለሁ።"

ጠበቅን። ለአንድ ጥርስ ይህን ያህል እፈራለሁ ብዬ አላውቅም።

"ከድድ በላይ ቆሟል። ይተርፋል።"

እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ! ታዲያ ከእንግዲህ ላጎርሳት እችላለሁ?"

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ክራውኑ ከገባ በኋላ፣ እናቴ። አጥንቱን ለቅመው።"

ክራውኑ ገብቶልኝ አሁን በሁለቱም በኩል አኝካለሁ፤ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ እቦርሻለሁ፣ ክራውኑ ከድድ የሚገናኝበትን ቦታ በጥርስ ክር አጸዳለሁ፣ ምክንያቱም ነርቭ የሌለው ጥርስም ከሥር ሊበሰብስ ይችላል፣ ሲበሰብስም ባለቤቱን አይቀሰቅስም። ደረቅ ቆሎና አጥንት በዚያ በኩል አላስጠጋም፤ ጠርሙስ በጥርስ መክፈቱንማ ለጎረምሶቹ ትቻለሁ። ባያመኝም በቀጠሮዬ እሄዳለሁ።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። እማማንም፣ አፍረው ቤት አልቀሩምና። ሩት ካናል ተሠርቶላችሁ ክራውን ለምትጠብቁ የምለው ይህን ነው፤ ጥርሱ ዝም አለ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ ቶሎ አልብሱት። ማዕድ ከመቅረባችሁ በፊት ደግሞ ለሚወድዷችሁ ሰዎች በግልጽ ንገሯቸው። የእኔን ጥርስ የሰበረው የጠላት እጅ አልነበረም።