በሽንኩርት የተያዘችው ቦታ

አባ አቃቅዮስ በግሪክ አገር፣ በአቶስ ተራራ ባለ አንድ ገዳም የአጽም ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። እዚያ አፈሩ ጥቂት፣ ድንጋዩ ብዙ ነው። የሞተ መነኩሴ ሦስት ዓመት ከተኛ በኋላ ተቆፍሮ ይወጣል፤ አጥንቱ በወይን ጠጅ ይታጠብና የራስ ቅሉ ግንባሩ ላይ ስሙ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በሕይወት ያሉት እያዩት ሞትን እንዲያስቡ ነው። አባ አቃቅዮስ ግን ሞትን አስበው አስበው ስለጨረሱ የቀራቸው የቦታ ሐሳብ ብቻ ነበር።

ከመስኮቱ ሥር የጠዋት ፀሐይ የምታገኛትን ቦታ ለራሳቸው የራስ ቅል ይዘዋል። ማንም እንዳይቀድማቸው የሽንኩርት ቅርጫት አስቀምጠውባታል። ብርድ አይወዱማ።

አባ ቴዎናስንም አይወዱም ነበር። ክፍላቸው ጎን ለጎን ነው፤ የመተላለፊያውን መስኮት አንዱ ሲከፍቱ ሌላው ሲዘጉ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል።

«ታፈንኩ እኮ!» ይላሉ ቴዎናስ።

«አፈር ውስጥ ስትገባ ምን ልትሆን ነው?» ይላሉ አቃቅዮስ መስኮቱን እየዘጉ። «አንተን ብሎ መነኩሴ! አጥንትህ ጠቁሮ ባይወጣ ምን አለ በለኝ!»

የጠቆረ አጥንት እዚያ የኃጢአተኛ ምልክት ነው፤ የደግ ሰው ቢጫ ይሆናል።

ቴዎናስ ሞቱ። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ አቃቅዮስ አካፋቸውን ይዘው፣ እውነቱን ለመናገር ደስ እያላቸው፣ ወደ መቃብሩ ወረዱ። አጥንቱ ማር መስሎ ወጣ። አገላበጡት፤ በዚያም በኩል ማር ነው።

«ሞተህም አታርፍም?» አሉ ተናደው።

በወይን ጠጁ አጥበው ከጨረሱ በኋላ ግን እንደገና አጠቡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን የመተላለፊያ መስኮት የከፈተባቸው የለም። ሰውየው ናፍቀዋቸው ነበር።

አበምኔቱ ብቅ አሉ። «ቦታ አለ እንዴ፣ አባ?»

«ጥጉ ጋ አንድ አለ፤ ጨለማው ውስጥ።»

«መስኮቱ ጋ ያለችውስ?»

«ተይዛለች።»

«በማን?»

«በሽንኩርት።»

አበምኔቱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሄዱ። አቃቅዮስ የራስ ቅሉን ታቅፈው እስከ ጥጉ ድረስ ሄዱ፤ እጃቸው ግን አልለቅ አለ። ተመለሱና ቅርጫቱን አውርደው ቴዎናስን ከመስኮቱ ሥር አስቀመጡ። ቅርጫቱን ጨለማው ጥግ ወሰዱት።

ከዚያ መስኮቱን ከፈቱት። የባሕሩ ንፋስ ዘው አለ።

«ይኸው፣ ተንፍስ!» አሉ እየተንዘፈዘፉ።

ሊዘጉት ሁለት ጊዜ እጃቸውን ሰደዱ፤ ሁለቱንም ጊዜ መለሱት።