እህቴን በካርታ ላይ ፍለጋ

እማዬ «አውስትራሊያ ሄጄ አርሳታለሁ» ስትለኝ የመኪናዬን ቁልፍ እንኳን ገና አላስቀመጥኩም ነበር። ከሥራ ቦታዬ ከአሌክሳንድሪያ ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ፣ ቤልትዌይ በሚሉት የዋሽንግተን ዲሲ ቀለበት መንገድ ትራፊክ ስንፏቀቅ መጥቼ፣ በዚያ ድካም ላይ ሌላ ድካም ጨመረችብኝ። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መሃል ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ሜልበርን ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እማዬ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ሁለታችን ብቻ። ልጅ ስትወልድ እናት አጠገቧ ትሆናለች፤ ይህ በእኛ ቤት የሚያከራክር ነገር አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ መንገዱም አልነበረም። እዚያ ቀን ቀን ከማን ጋር ታወራለች የሚለው ነው ያስጨነቀኝ።

እማዬ ዝም ብሎ መዋል የማይሆንላት ሴት ናት። አሜሪካ በመጣች በመጀመሪያው ክረምት እኔ ሥራ ስውል እሷ ቤት ተዘግታ ትውል ነበር። ቴሌቪዥኑ አይገባትም፤ ጎረቤቱም ሰላምታውን እየሳቀ ሰጥቷት ያልፋል። ቀስ በቀስ ምግብ ተወች። ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷን እየወሰደች ሳትበላ ስትቀር አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቃ አገኘኋት። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ሰው ያደረጓት እዚያው አጠገባችን ዊተን የሚኖሩ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ ናቸው። ወይ እሷ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ወይ እሳቸው ይመጣሉ፤ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ከወሬው ጋር ምሳውም ይበላል። ስለዚህ «ሜልበርን ደግሞ ማን አለሽ?» ብዬ የጠየቅኳት ለነገር አልነበረም።

«ልጄ አለችኛ!»

«እሷ ስትተኛስ? ሕፃኑን ሐኪም ቤት ስትወስድስ? ባሏ ፈረንጅ ነው፤ ምን ብለሽ ልታወሪው ነው?»

«እስቅለታለሁ» አለችና መክደኛ ልታስተካክል ወደ ምድጃው ዞረች።

እኔ የሚሆነውን ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ከተንጠለጠለ እንቅልፍም ምግብም አይስማማኝም፤ ጓደኞቼ «አንቺ እኮ የአውሮፕላኑንም መሪ ካልያዝሽ አትሳፈሪም» ይሉኛል። ሥራዬ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አፓርታማ ማከራየት ነው። ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው፣ በተለይ የእኛ ሰው፣ ከክፍሎቹ ስፋት በፊት የሚጠይቀው «እዚህ ማን ማን አለ?» ብሎ ነው። ይህን መመለስ ለእኛ በሕግ ክልክል ነው። ስለ ተከራዩ ዘርና ሃይማኖት ትንፍሽ አንልም። «ኦንላይን ገብተው ይዩት» ብለን ፈገግ እንላለን። «ልጄ፣ አንቺ ሐበሻ አይደለሽ እንዴ? ብትነግሪኝ ምን ይጎድልብሻል?» ብለው የተቆጡኝ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። በማግስቱ በምሳ ሰዓቴ ለሰው ሁሉ የምሰጠውን ምክር ለራሴ ሰጠሁና ኦንላይን ገባሁ።

አውስትራሊያዎች የሕዝብ ቆጠራቸውንና ሌላም የመንግሥት መረጃ ሰብስበው ማንም ሰው እንዲያየው ካርታ ላይ አስቀምጠውታል። የሰፈሩን ስም ስትጽፉ ዙሪያው ተሰምሮ ብቅ ይላል። ከጎኑ ደግሞ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ፤ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ መኪና የሌለው ቤተሰብ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው፣ በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ። በመረጣችሁ ቁጥር ካርታው ቀለሙን ይቀይራል፤ ብዙ ያለበት ይጠቁራል፣ ጥቂት ያለበት ይነጣል። ለማየት ክፍያ የለውም፤ ማን ነሽ፣ ምን ፈለግሽ የሚልም የለም።

እህቴ የት እንደምትኖር አውቃለሁ። በጠየቅናት ቁጥር «ፉትስክሬይ» ነው የምትለን። ስሙን ጻፍኩና ቋንቋ የሚለውን ነካሁ። ዝርዝሩን ወደ ታች ስገፋ፣ ስገፋ፣ አማርኛን አገኘሁት። ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ጮህኩ፤ አለቃዬ ቤት ያከራየሁ መስሏት ከቢሮዋ አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ያን ቀን ማታ ላፕቶፑን እማዬ ጭን ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አድርጋ ካርታውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህ ነገር ልጄን ያውቃታል?»

«እሷን አያውቅም እማዬ፤ ሰፈሯን ነው።»

«ሰፈሯን ካወቀ እሷን እንዴት አያውቅም?»

እሑድ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፉትስክሬይን ያልሰማ አልነበረም። እማዬ ስሙን በራሷ አፍ አሳምራ፣ እዚያ ተወልዳ ያደገች ይመስል፣ ስለ ገበያውና ስለ አውቶቡሱ ታወራ ነበር። የዊተኗ ወዳጇ «እንዲያማ ከሆነ እኔንም በሻንጣሽ ክተቺኝ» አሏት። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ደስታው አንድ ቀን እንኳን አልቆየልኝም። የምፈልገውን ካገኘሁ በኋላ መፈለግ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። በምሳ ሰዓት እገባለሁ። ተከራይ ሲዘገይ እገባለሁ። የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ መኪና ሲቆም ስልኬን አውጥቼ እገባለሁ። በዕድሜ የገፉት ስንት ናቸው? ብቻቸውን የሚኖሩትስ? ኦርቶዶክስ የሚለው ውስጥ የእኛም ተቆጥረዋል ወይስ የግሪኮቹ ብቻ ናቸው? ከዚያ የጎረቤቱን ሰፈር፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። ስለ ሜልበርን ምዕራብ፣ እዚሁ አጠገቤ ስላሉት ስለ ፌርፋክስና ስለ ውድብሪጅ ከማውቀው በላይ አወቅሁ። ምን እየፈለግሁ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። ካርታው እማዬ የማትሄድበትን ምክንያት እንዲያገኝልኝ ነበር የምፈልገው። እሷ ከሄደች ማታ በሩን ስከፍት «መጣሽ?» የሚለኝ የለም። ይህን ደግሞ የሚያሳይ ካርታ አልነበረም።

ከዚያ የቪዛው ነገር መጣ። እማዬ የምታርፍበትን አድራሻ መሙላት ስላለብኝ እህቴን «ቴክስት አድርጊልኝ» አልኳት። ላከችልኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከአድራሻ ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ የፖስታ ቁጥሩን እንዳየሁ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ፉትስክሬይ አይደለም፤ የፉትስክሬይ አጠገብም አይደለም። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ሰፈር ነው።

ካርታው ላይ ጻፍኩት። ከከተማው ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ ብሎ፣ የሳር ሜዳ ሊሆን ትንሽ የቀረው ጫፍ ላይ ተሰምሮ ብቅ አለ። ቋንቋ የሚለውን ነካሁ፤ ነጣ። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። የሕንዱ አለ፣ የቻይናው አለ፣ የጣሊያኑ አለ። አማርኛ ጋ ዜሮ ነው ያለው። ከሥሩ አንድ ማስታወሻ አለ፤ ሰው ተለይቶ እንዳይታወቅ ሲባል በጣም ትንንሽ ቁጥሮች ትንሽ ይለዋወጣሉ ይላል። እንግዲህ እህቴ በዚህ ጠፍታ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ አልተጽናናሁም።

ፉትስክሬይ ስትለን ውሸቷን አልነበረም፤ ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። እኛስ ምን እንላለን? ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ፣ አሌክሳንድሪያ እየሠራሁ፣ አዲስ አበባ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ዲሲ ነኝ» ነው መልሴ። ውድብሪጅ ያለውም «ዲሲ ነኝ» ይላል፤ እሱን ለመጠየቅ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሐበሻ ሲጠየቅ የሚናገረው ሱቁና ሬስቶራንቱ ያለበትን እንጂ የሚያድርበትን አይደለም። እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ እህቴ አስቤዛ የምትገዛበትን ሰፈር ስመረምር ከርሜ ነበር። ተናደድኩ፤ መናደዴም ትንሽ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፣ ምክንያቴን አግኝቻለሁና።

እሑድ ከሰዓት፣ እዚያ ሰኞ ጠዋት ሲሆን፣ ደወልኩላት። እማዬ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም እንድትሰማ ብዬ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«እታለም! ደህና ናችሁ?»

«አድራሻሽ ፉትስክሬይ አይደለም» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳን ሳልመልስ።

ሳቀች። «ፉትስክሬይማ ሾፒንግ የምሄድበት ነው። ቤቱን እዚያ ማን ይችለዋል? እኛ አዲስ ሰፈር ነው የገዛነው፣ ከከተማው ወጣ ይላል። ስሙን ብነግራችሁስ ማን ያውቀዋል? አንቺስ ለሰው ዲሲ ነኝ አይደል የምትዪው?»

«እኔን ተይኝ። ሰፈርሽን ቼክ አድርጌዋለሁ። አንድ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ዜሮ ነው! እማዬን እዚያ አምጥተሽ ከማን ጋር ልታውያት ነው? የመጀመሪያውን ክረምት ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አለች። «የለም፣ ልክ ነሽ። እዚህ የእኛ ሰው የለም።»

እንዲህ በቀላሉ መስማማቷ አበሸቀኝ። «እንዴት የለም? አንቺ አለሽ አይደል? ቢያንስ አንቺን እንኳን መቁጠር ነበረበት እኮ! ወይስ ቆጠራው ሲመጣ አልሞላሽም?»

«ሞልቻለሁ እንጂ። የዚያን ጊዜም እዚሁ ነበርን። የሚጠይቁት እኮ እቤት ውስጥ የምትናገሪው ቋንቋ ምንድን ነው ብለው ነው። እንግሊዝኛ ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል? እዚህ ቤት አማርኛ ከማን ጋር አወራለሁ፣ እታለም?»

እህቴ ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው ያለችው። ለጥቂት ወራት የምትሄደው እናቴ የምታወራው ሰው ታጣለች ብዬ አንድ ወር ስታመስ፣ እዚያ ዓመታት የኖረችውን እሷን ግን አንድ ቀን እንኳን ጠይቄያት አላውቅም። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

እማዬ እጇን ዘረጋች። «ስልኩን ስጪኝ።» ስፒከሩን አጥፍቼ ሰጠኋት። «ጠዋት ምን በላሽ?» አለቻት፤ ይዛው ወደ መኝታ ቤቷ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

እኔ ሳሎን ውስጥ ስቆምና ስቀመጥ ቆየሁ። አንዴ ሳቅ ይሰማኛል፣ አንዴ ምንም። ሰሃን አጠብኩ፤ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። እማዬ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የዘወትሩ ነው።

«ቲኬቱን ዛሬ ቁረጪልኝ።»

«እሺ። መመለሻሽንስ ለመቼ ላድርገው?»

«ክፍት ተይው።»

«እማዬ፣ ለአራስ እኮ ከሁለት ሦስት ወር በላይ . . .»

«አራሷስ ትነሳለች» አለችኝ። «ሕፃኑ በአማርኛ አፉን እስኪፈታ እቆያለሁ። ቪዛውን እህትሽና ባሏ ያራዝሙልኛል።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። እሷ ከኋላዬ ቆማ ትጠብቃለች፤ እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። ሕፃን አፉን እስኪፈታ ምን ያህል እንደሚቆይ ሁለት ልጆች ያሳደገችው እማዬ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «እኔስ?» የሚለው ቃል አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሳልናገረው ቲኬቱን ቆረጥኩላት።